ከአልቶና እስከ ፊሊፕ አይላንድ፦ በነፃ የሚሰጠው እጅ

ሴንት አልባንስና አካባቢው የምትኖሩ ቤተሰቦች፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ፔንግዊን ለማየት ፊሊፕ አይላንድ ሳትሄዱ አትቀሩም። ለሚቀጥለው ጉዞ መኪና ውስጥ የምታወሩት አንድ ታሪክ ልንገራችሁ።

ከአልፍሪዳ ስትሪት ተነስታችሁ በሪንግ ሮዱ ወደ ደቡብ ስትወርዱ አልቶና አለ። እዚያ የነበረው የቶዮታ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2017 ሲዘጋ ከ2,000 በላይ ሠራተኛ እንጀራው ተቋረጠ። ከነሱ አንዱ ማት ቦውቴል የሚባል ኢንጂነር ነው። የስንብት ክፍያውን ይዞ ፊሊፕ አይላንድ ላይ በስሪዲ ፕሪንተር ሰው ሠራሽ እጅ መሥራት ጀመረ። እጁን በነፃ ይሰጣል፤ ንድፉንም የትም አገር ያለ ሰው እንዲሠራበት በነፃ ለቆታል።

አሠራሩን ልጆቻችሁ በራሳቸው እጅ ይሞክሩት። ፕሪንተሩ ፕላስቲክ እያቀለጠ፣ በስስ በስሱ እየደረበ ጣቶቹን ያወጣል። ጣቶቹ በክር ይያያዛሉ። ሰውየው የእጁን አንጓ ወደ ታች ሲያጥፍ ክሩ ይሳብና ጣቶቹ ይጨብጣሉ፤ ሲያቀና ይዘረጋሉ። ባትሪ የለ፣ ሞተር የለ። ልጁ አድጎ ቢጠበው ሌላ ማተም ነው። ባለ ሞተሩ እጅ ግን በአስር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይጠይቃል።

እኔ ምግብ ቤት ስላለኝ ሰው እጁን ታጥቦ ሲጎርስ እያየሁ ነው የምውለው። እውነቱን ለመናገር ፕላስቲክ ጣት እንጀራ እንደ ሥጋ ጣት አይቆርስም። ግን ብርጭቆ ይይዛል፣ የብስክሌት እጀታ ይጨብጣል። ለአንድ ልጅ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

ታዲያ አገር ቤት በጦርነት ወይም በአደጋ እጁን ላጣ ዘመድ እንላክ ብትሉ፣ ሻንጣ ከመሙላታችሁ በፊት ጠይቁ። አንጓው አለ? ይታጠፋል? ማን ይለካዋል? ክሩ ቢበጠስ ማን ይጠግነዋል? አዲስ አበባ አጠገብ መናገሻ ያለው ቼሻየር እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ በልጅነት ልምሻና በሌላም ምክንያት የተጎዱ ልጆችን ሲረዳ የኖረ ነው። የእግር ድጋፍም ቢሆን ልጁን ለክቶ፣ ሲያድግ አስተካክሎ የሚሰጥ ባለሙያ ካልያዘው ጥግ ይጣላል። እጅም እንደዚያው ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ዘመዳችሁ አቅራቢያው ያለ ባለሙያ ጋ ሄዶ ይለካ። ንድፉ በኢንተርኔት ይደርሳል፤ የሚለካውና የሚጠግነው ሰው ግን እዚያው መኖር አለበት። ገንዘብ ካዋጣችሁም ለሱ ሥራ አዋጡ።