ሳያነቡ «አዎን» ማለት

ዴቢያን በተባለው ሥርዓት «አፕት» የሚለውን ትእዛዝ ጽፎ ፕሮግራም የሚያስመጣ ሰው፥ እንግዳ እንደ ጠራ ባለቤት ነው፤ የተጠራው ከነዘመዶቹ ይመጣል። አፕት ግን ጨዋ ነውና፥ ተከታዮቹን በስም ዘርዝሮ «ልቀጥል ወይ?» ሲል ይጠይቃል። ተማሪዎቼ ዝርዝሩን ሳያዩ «አዎን» ሲሉ፥ መዝገቡን ሳይገልጥ የሚፈርም ሹም ትዝ ይለኛል።

በመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ.፥ እስከ ዴቢያን የሙከራ እትም በደረሰው በኤክስዜድ የፋይል መጭመቂያ ውስጥ የስርቆሽ በር ተገኘ። ያገኘው መሐንዲስ አንድሬስ ፍሮይንድ፥ ወደ ኮምፒውተሩ ለመግባት ግማሽ ሰከንድ ያህል ቢዘገይበት «ለምን?» ብሎ የመረመረ ሰው ነው። እርግጥ ነው፥ ዝርዝር ማንበብ ብቻውን ያን በር አያሳይም ነበር። ነገር ግን ግማሽ ሰከንድን የሚያስተውል ዓይን፥ ግማሽ ገጽ ለማንበብ ከሚታክት ሰው ዘንድ አይገኝም።