በእጅ ልክ የተጠረበ አንገት

ያረጀ ጊታር የሚሰበስብ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ዕድሜውን ነው፤ እጁ የደከመ ተጫዋች ግን አስቀድሞ የሚጠይቀው አንገቱን ነው። በአሜሪካ፣ በሚሺጋን ግዛት የሚኖር አንድ የጃዝ ጊታር ተጫዋች ስድሳ ዓመት ካለፈው በኋላ ይኸው ጥያቄ ደረሰበት። በግራ እጁ አውራ ጣት ሥር የገባው ቁርጥማት፣ ከወጣትነቱ ጀምሮ የተጫወተበትን አንገተ ወፍራም ጊታር ባዕድ አደረገበት። ሦስት ዜማ ሳይጨርስ እጁ ይታሰራል፤ ጓደኞቹ ሲቀጥሉ እርሱ ጊታሩን ጭኑ ላይ አስተኝቶ ያዳምጣል። ምርጫው ሁለት ነበር፤ ወይ ጊታሩን ግድግዳ ላይ መስቀል፣ ወይ ለእጁ የሚስማማ አንገት መፈለግ።

ከድፍን እንጨት የተሠራ ቀጭን ጊታር ገዝቶ ለምን አይገላገልም የሚል ይኖር ይሆናል። ተጫዋቹ የሚወደው ድምፅ ግን የሚወለደው በባዶው ሆድ ውስጥ ነው። ክሩ ሲመታ የላይኛው ገበታ ይርገበገባል፤ በውስጡ ያለው አየርም ይከተለዋል፤ ድምፁ ሞቅ ብሎ ይወጣና ፈጥኖ ይከስማል። ለአንገት ሲሉ ይህን ድምፅ መተው፣ በሩን ወድዶ ቤቱን እንደ መተው ነው።

በጥንቱ አሠራር አንገት የሚወፍረው ያለ ምክንያት አልነበረም። የብረት ክሮች ሲወጠሩ እንጨቱን ያጎብጡታል። በካላማዙ ከተማ በነበረው የጊብሰን ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ታዲየስ ማክህዩ፣ በአንገቱ ውስጥ ተቀብሮ የሚጠብቅና የሚላላ የብረት ዘንግ ፈልስፎ እ.ኤ.አ. በ1923 የፈጠራ መብት ካገኘበት ወዲህ ግን እንጨቱ ሸክሙን ለብቻው መሸከሙ ቀረ፤ አንገትም ሊቀጥን ቻለ። በ1955 ይኸው ፋብሪካ በናሽቪል ተጫዋቾች በቢሊ ቢርድና በሃንክ ጋርላንድ ሐሳብ መሠረት፣ ስሙን ከሁለቱ ስም ያገኘውን «ቢርድላንድ» አወጣ። ሆዱ ሳሳ፤ አንገቱ ጠበበ፤ የሚርገበገበውም ክር ርዝመት በትልልቆቹ የጃዝ ጊታሮች ከተለመደው 64.8 ሳንቲ ሜትር ወደ 59.7 ወረደ። ጣቶች ብዙ ሳይንጠራሩ ሰፋፊ ኮርዶችን ያዙ።

የቢርድላንድ ዋጋ ከተጫዋቹ አቅም በላይ ነበር። ስለዚህ «አንገተ ቀጭን» የተባለለትን የ1960ዎቹ መጨረሻ ጊታር ሳያየው ገዛ። ሲደርሰው ክሮቹ ተጣብበው አንዱን ሲጫን ጎረቤቱ ይታፈናል፤ መዳፉም እንደ ቀድሞው ሞልቶ ይቀራል። ሻጩ አልዋሸም፤ ያታለለው ቃሉ ነው። ቀጭንና ጠባብ አንድ አይደሉም። በ1960 ግድም የወጡት የጊብሰን አንገቶች ወርዳቸው ሰፊ ሆኖ ጀርባቸው የሳሳ ነበር፤ ከ1965 ወዲህ ግን ክሮቹ በራስጌ በኩል የሚያርፉበት ወርድ ከ43 ሚሊ ሜትር ወደ 40 ገደማ ጠበበ። ለትንንሽ ጣቶች ይህ ጥበት በረከት ነው፤ ለእርሱ ግን የሚያስፈልገው የጀርባው መሳሳት ነበር።

ከዚያ በኋላ መለኪያ ሳይዝ አልወጣም። በአንገቱ መነሻና መሐል ላይ ወርዱንም ውፍረቱንም ይለካል፤ አንገቱን እንደ ጠመንጃ አፈሙዝ አነጣጥሮ መጣመም አለመጣመሙን ያያል፤ ዘንጉ መዞሩን ይፈትሻል። በመጨረሻ በአንድ አሮጌ ዕቃ መሸጫ የ1961 «ኢኤስ 175» አገኘ። ራሱ ከአንገቱ ተሰብሮ በማጣበቂያ የተጠገነ በመሆኑ ሰብሳቢዎች ንቀውት ዋጋው ወርዷል። እርሱ ግን ስብራቱ በሚገባ መያዙን አይቶ፣ አንገቱን በመዳፉ ጨብጦ ብዙ ቆየ።

ጊታሩ በተሠራበት በዚያው ዓመት ሃንክ ጋርላንድ በመኪና አደጋ ክፉኛ ተጎድቶ የቀረጻ ሥራው ተቋርጧል። አንገት በእጅ ልክ ይጠረባል፤ እጅን ግን ማንም ዋስ አይሆነውም። አዛውንቱ ተጫዋች ይህን ስለሚያውቅ ጊታሩን ለነገ ብሎ በሣጥን አላኖረውም። በዚያው ሳምንት ከጓደኞቹ ጋር ተቀመጠ፤ ሦስተኛው ዜማ አልቆ አራተኛው ሲጀመር፣ እርሱም አብሮ ጀመረ።