ለሥራ መመላለሻ የሚሆን ባለ አንድ ማርሽ ብስክሌት፦ ባሕር ዳር ሥራ ለሚጀምር ልጅ

ባለ አንድ ማርሽ ብስክሌት ከፊት አንድ ባለ ጥርስ ክብ ብረት (በተለምዶ «ጥርስ» የሚባለው)፣ ከኋላም አንድ፣ በመካከላቸውም አንድ ሰንሰለት ብቻ ያለው ነው። ማርሽ መቀየሪያም ሆነ ተደራራቢ ጥርስ ስለሌለው የሚበላሽበት ነገር ጥቂት ነው፤ ባለቤቱም አብዛኛውን በራሱ እጅ ሊጠግነው ይችላል። የሚጎድለው የዳገት ማቅለያ ነው። ይህ ጉድለት እንጦጦ ሥር ለሚኖር ሰው ከባድ ሲሆን ባሕር ዳር ላይ ግን እምብዛም አይሰማም። ከተማዋ በጣና ዳር፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ለጥ ብላ የተቀመጠች ናት፤ ወደ በዛዊት ኮረብታ ካልተወጣ በቀር ዳገት የሚባል ነገር አያጋጥምም። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይም የብስክሌት መስመር አለው። በመጀመሪያ ደመወዙ መመላለሻ ለሚፈልግ ወጣት፣ በየወሩ የባጃጅ ሒሳብ ከመክፈል ይልቅ ይህን መግዛት የተሻለ ነው።

በገበያ የሚገኙት በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው የቀድሞው ዓይነት ነው፦ ከባድ የብረት ቴላዮ (የብስክሌቱ አጽም)፣ ትልልቅ ጎማ፣ በብረት ዘንግ የሚሳብ ፍሬን ያለው፣ ብዙ ጊዜም 20 ኪሎ የሚጠጋ። ዕድሜው ረጅም ነው፤ ዕቃም ይችላል። ሁለተኛው ቀለል ያለ፣ የአሉሚኒየም ቸርኬና በካቦ የሚሳብ ፍሬን ያለው ነው። ዋጋቸው ከተቀራረበ ሁለተኛው ይመረጣል፤ ምክንያቱም ከታች እንደሚብራራው ፍሬን ነው።

ያገለገለ ብስክሌት ሲገዛ መጀመሪያ የሚታየው ቴላዮው ነው። ቀለም የሚያምር ቢሆንም የመሪው አንገት ከቴላዮው ብረቶች ጋር የተበየደበት ቦታ በደንብ ይፈተሻል። እዚያ ቀለሙ ከተሰነጠቀ ወይም ብረቱ ከተቆለመመ ብስክሌቱ ከፊት ተጋጭቶ ያውቃልና መተው ይሻላል። ቀጥሎ ጎማው ከመሬት ተነሥቶ ይሽከረከራል፤ ቸርኬው ግራና ቀኝ የሚወላገድ ከሆነ ራጂ (የቸርኬውን ቀጫጭን ሽቦ) በማጥበቅ ሊቃና ይችላል፤ ብዙ ራጂ ከተሰበረ ግን ወጪው ይበዛል። የፔዳሉ ክንድ ወደ ጎን ሲነቀነቅ ቋ ካለ ኩሽኔታው አልቋል፤ ይህ በርካሽ የሚቀየር ስለሆነ ለዋጋ መከራከሪያ እንጂ ለመተው ምክንያት አይሆንም። ሻጩ የገዛበትን ደረሰኝ ማሳየት ካልቻለና የሚያውቀው ሰው ከሌለ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ አይገዛም። ከሌላ ሰው የተሰረቀ ብስክሌት ለገዢው ርካሽ ሆኖ አያውቅም።

የጎማ መለኪያን አለማወቅ ብዙ ገንዘብ ያስባክናል። ሁለት ጎማዎች ሁለቱም «28» ተብለው ተሽጠው አንዱ በሌላው ቸርኬ ላይ ጭራሽ ላይገባ ይችላል። የቀድሞው ከባድ ብስክሌት ቸርኬ ጎማው የሚቀመጥበት ቦታ 635 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ያለው ሲሆን የአዲሶቹ ግን 622 ነው። የተራራ ብስክሌት የሚባለው «26» ደግሞ ባብዛኛው 559 ነው። ትክክለኛው ቁጥር በጎማው ጎን በትንሽ ጽሑፍ ታትሟል፤ «37-622» የሚለው ስፋቱ 37፣ የቸርኬው ዲያሜትር 622 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። ገዢ ወደ ሱቅ ሲሄድ ይህንን ቁጥር ጽፎ መያዝ አለበት። ከውስጥ ጎማው (ከመነዳሪው) ደግሞ የመኪና ዓይነት ቫልቭ ያለው ይመረጣል፤ በየመንገዱ ያለ ጎሚስታ በመኪና መንፊያው ወዲያው ሊነፋው ይችላልና። ለከተማዋ አስፋልትና ለኮብልስቶን 35 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ ሰፋ ያለ ጎማ ይበቃል። ቀጭን ጎማ ያለምንም ጥቅም እጅንና ወገብን ይጎዳል።

አንድ ማርሽ ብቻ ስላለ የዚያ ማርሽ ምርጫ የብስክሌቱን ጠባይ ሁሉ ይወስናል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ የፊቱ ጥርስ ቁጥር ለኋላው ይካፈላል። ከፊት 44፣ ከኋላ 16 ጥርስ ካለ ውጤቱ 2.75 ነው፤ ፔዳሉ አንድ ዙር ሲዞር ጎማው 2.75 ዙር ይዞራል ማለት ነው። የጎማው ዙሪያ 2.17 ሜትር ገደማ ቢሆን ብስክሌቱ በአንድ ርግጫ ዙር 6 ሜትር ይሄዳል። የኋላው 18 ከሆነ ወደ 5.3 ሜትር፣ 20 ከሆነ ወደ 4.8 ሜትር ይወርዳል። በደቂቃ 70 ዙር የሚረግጥ ሰው በመጀመሪያው በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር፣ በሁለተኛው 22፣ በሦስተኛው 20 ያህል ይሄዳል። ፈጣኑ ለወጣት ዓይን ይማርካል፤ ነገር ግን በየመስቀለኛው መንገድ ቆሞ መነሣት፣ ከሐይቁ በኩል የሚመጣ ነፋስና በኋላ የተጫነ ቦርሳ ሲጨመሩበት ጉልበትን የሚያዝለው ያው ነው። ለዕለት መመላለሻ 44 ለ18 የተሻለ ነው፤ በዛዊት በኩል ለሚመላለስ 20። የኋላውን ጥርስ መቀየር የፊቱን ከመቀየር በጣም ይረክሳል፤ መፍቻው ያለው ባለሙያ በአጭር ጊዜ ይጨርሰዋል። አንዳንድ ባለ አንድ ማርሽ ብስክሌት የኋላ ጎማው ጥርስ በሁለቱም በኩል ሊታሰርበት ይችላል፤ በአንዱ በኩል ነጂው መርገጥ ሲያቆም ጎማው በነጻ ይሽከረከራል፤ በሌላው በኩል ግን ፔዳሉ ከጎማው ጋር አብሮ ይዞራል። ለሥራ የሚነዳ ሰው የነጻውን ይምረጥ።

ፍሬን ላይ መቆጠብ የለም። አባት ለልጁ ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ እንዲናገር ቢፈቀድለት የሚናገረው ይህንን ነው። ክሮም የተቀባ የብረት ቸርኬ ሲደርቅ ደኅና ይይዛል፤ ዝናብ ሲነካው ግን የፍሬኑ ጎማ ውኃው ላይ ይንሸራተትና ብስክሌቱ የሚቆምበት ርቀት በእጅጉ ይረዝማል። ከሰኔ እስከ መስከረም ክረምቱ በሚበረታበት ከተማ ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው። የአሉሚኒየም ቸርኬ በእርጥበትም ከዚያ በጣም የተሻለ ይይዛል። የመጀመሪያው የማሻሻያ ብር ጥሩ የፍሬን ጎማ ላይ፣ ሁለተኛው አዲስ ካቦ ላይ፣ ከተቻለ ሦስተኛው የፊት የአሉሚኒየም ቸርኬ ላይ ይውላል። የማቆሚያው ኃይል በብዛት ያለው የፊቱ ፍሬን ላይ ስለሆነ ሁለቱንም መቀየር ካልተቻለ የፊቱ ይቅደም። አቅም እስኪፈቅድ የብረት ቸርኬ የሚነዳ ሰው በዝናብ ቀን ፍጥነቱን ቀንሶ፣ ፍሬኑን ቀደም ብሎ ቀስ እያለ ይያዝ፤ ውኃው ከተጠረገ በኋላ ነው መያዝ የሚጀምረው።

ኮርቻው ከፍታው ካልተስተካከለ ጉልበት ይታመማል። ተረከዝ ታች በደረሰ ፔዳል ላይ ሲያርፍ እግሩ ቀጥ ካለ ልክ ነው፤ በእግር ፊተኛው ክፍል ሲረገጥ ጉልበቱ ትንሽ ይታጠፋል። ፔዳል ሲቀየር የግራው ክር በተቃራኒ እንደሚጠብቅ ማወቅ ይገባል፤ ይህንን ያላወቀ ሰው በጉልበት ሲያጠብቅ የክንዱን ክር ይበላዋል።

ሰንሰለቱ መሐሉ ላይ በጣት ሲነካ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ዝቅ ሊል ይገባዋል። ከዚያ ከላላ ሊወልቅ ይችላል፤ ከጠበቀ ኩሽኔታውን ይበላል። የሚስተካከለው የኋላውን ዳዶዎች አላልቶ ጎማውን ወደ ኋላ በመሳብ ነው፤ ጎማው ከቴላዮው መሐል ሳይዞር ቀጥ ብሎ መታሰሩ ይረጋገጣል። ሰንሰለቱ እየተነዳ ይረዝማል፤ ለመለካት ማስመሪያ ብቻ ይበቃል። አዲስ ሰንሰለት ከአንዱ ፒን መሐል እስከ ሃያ አራተኛው ቀጣይ ፒን መሐል 304.8 ሚሊ ሜትር ነው። 306.4 ሲደርስ መቀየር አለበት፤ 308 ካለፈ ጥርሶቹንም እየበላ ነውና ወጪው ይበዛል። ከዝናብ በኋላ በጨርቅ ተጠርጎ ዘይት ይነካዋል፤ የተረፈው ዘይት እንደገና ይጠረጋል፤ አቧራ ይዞ እንዳይቀር።

ከብስክሌቱ ገንዘብ ቀንሶም ቢሆን ቁልፍና መብራት ይገዛል። ቁልፉ የኋላ ጎማውንና ቴላዮውን አብሮ ከማይነቀል ምሰሶ ጋር ማሰር የሚችል ወፍራም መሆን ይገባዋል፤ የፊት ጎማ ብቻ ከታሰረ ጎማው ብቻ ይቀራል። ከኋላ ቀይ፣ ከፊት ነጭ መብራት አመሻሹ ላይ ሳይጨልም ይበራ፤ ባጃጆች ከጎን ድንገት ስለሚታጠፉ ነጂው መታየት አለበት። በቦርሳ ውስጥ የሚቀመጠው የጎማ መለጠፊያና ማስቲሽ፣ አንድ መለዋወጫ ከመነዳሪ፣ ትንሽ ፖምፓና የኋላ ዳዶውን የሚፈታ መፍቻ ነው።