ጓደኛ የሚጠይቅ ጌም

ብቻውን የሮጠ አይቀደምም ይባላል። ባብል ቦብል በሚባለው የጃፓን ጌም ውስጥ ግን ብቻውን የሮጠ አንደኛም አይወጣም። መቶውን ደረጃ አንድ በአንድ አልፎ፣ የመጨረሻውን ግዙፍ ጠላት ጥሎ፣ አሁንስ ደረስኩ ሲል፣ ማሽኑ ነገሩ ገና እንዳላለቀ ይነግረዋል፤ ከጓደኛህ ጋር ና ብሎ ይመልሰዋል። ሁለት ሆነው የመጡ እንደሆነ ታሪኩ ሌላ ነው። ባብና ቦብ የተባሉት ሁለት ትንንሽ ዘንዶዎች የተጣለባቸው ድግምት ይፈታና ወደ ቀድሞው የሰው መልካቸው ይመለሳሉ፤ ተወስደውባቸው የነበሩትን ፍቅረኞቻቸውንም ያገኛሉ።

ይህን ያህል ደክሞ የመጣን ሰው ደጅ ላይ አቁሞ “ጓደኛህስ?” ብሎ የሚጠይቅ ጌም እ.ኤ.አ. በ1986 እንግዳ ነገር ነበር። ከአንድ በላይ መጨረሻ ካላቸው ቀደምት ጌሞች አንዱ መሆኑም ይነገርለታል። እኔ የምወደው ግን በቀዳሚነቱ አይደለም። ያቺ የመጨረሻዋ ጥያቄ ከመጀመሪያው ደረጃ ጀምሮ በጌሙ ደንብ ሁሉ ውስጥ ተቀምጣ ስለማገኛት ነው። አርባ ዓመት ገደማ ሆኖት እንኳ ሰው የሚመለስበት በዘንዶዎቹ ማማር ብቻ አይደለም፤ ከነሱ ወዲህ ስንት ያማረ ነገር ተሠርቶ ተረስቷል።

የነደፈው ሰው ፉኪዮ ሚትሱጂ ይባላል። ይሠራ የነበረው ታይቶ ውስጥ ነው፤ በ1978 ስፔስ ኢንቬደርስን አውጥቶ ዓለምን ያዳረሰው ኩባንያ። ሚትሱጂ ታይቶ በዚያ ወቅት በሚያወጣቸው ሥራዎች ደስተኛ አልነበረም። በዚያ ላይ የዘመኑ የጌም ቤቶች የወንዶች መዋያ ነበሩ። እሱ የፈለገው ወንድና ሴት ተያይዘው ገብተው፣ አንዱ ሲጫወት ሌላው ቆሞ ሳይሰለች፣ ጎን ለጎን ሆነው የሚጫወቱት ነገር ነበር። አረፋን የመረጠውም ሴቶች ይወዱታል ብሎ ነው። ስለ ሴቶች ምርጫ የነበረው ግምት ዛሬ ሲሰሙት ጠበብ ይላል። ምኞቱ ግን ሰፊ ነበር፤ አብረው የመጡ ሰዎች አብረው እንዲቆዩ ነው የፈለገው።

እስቲ አጨዋወቱን ልንገራችሁ። እያንዳንዱ ደረጃ ከዳር እስከ ዳር የሚታይ፣ የማይንቀሳቀስ አንድ ስክሪን ነው። አረንጓዴው ባብ ከግራ፣ ሰማያዊው ቦብ ከቀኝ ቆመው ይጀምራሉ። መሣሪያቸው ትንፋሻቸው ነው። እፍ ሲሉ አረፋ ይወጣል፤ አረፋው ጠላት ላይ ካረፈ ውጦት ወደ ላይ ይንሳፈፋል። ጠላቱ ግን ተያዘ እንጂ አልሞተም። ደርሰው አረፋውን ማፈንዳት አለባቸው። ሲፈነዳ ጠላቱ እየተሽከረከረ ይወድቅና ሙዝ ወይም ኬክ ወይም ሌላ የሚበላ ነገር ይሆናል። የዘገዩ እንደሆነ ደግሞ አረፋውን ሰብሮ፣ በንዴት ቀልቶ፣ ከበፊቱ ፈጥኖ ይመጣባቸዋል።

የጌሙ ነፍስ በመያዝና በማፈንዳት መካከል ባለችው በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ ናት። አንድ ጠላት ለብቻው ቢፈነዳ 1,000 ነጥብ ነው። ሁለት በአንዴ 2,000፣ ሦስት በአንዴ 4,000 ያስገኛሉ፤ እንዲህ በእጥፍ እያደገ ሄዶ ሰባቱን በአንድ ላይ ያፈነዳ 64,000 ይቆጠርለታል። እንግዲህ ተጫዋቹን መጠበቅ ያዋጣዋል ማለት ነው፤ መጠበቅ ደግሞ ያስፈራል፤ የታሰሩት በማንኛውም ቅጽበት ሊወጡ ይችላሉ። ብቻውን የሚጫወት ሰው ይህን ከራሱ ጋር ብቻ ይመክራል። ሁለት ሲሆኑ ግን መነጋገር ግድ ነው። አንደኛው አምስት አረፋ አንድ ጥግ ላይ አከማችቶ ስድስተኛውን ሊያመጣ ሲሄድ፣ ሌላኛው ዘልሎ አንዱን ይነካዋል፤ ሁሉም ተያይዞ ይፈነዳል። “ቆይ! አትንካው አላልኩም?” “አላየሁትም እኮ!” ከዚያ ፍሬው ይረግፋል፤ ሁለቱም ጠባቸውን ትተው ለመልቀም ይሮጣሉ።

መልቀሙም ሌላ ጉዳይ ነው። ነጥቡ የየግል፣ ፍሬው ለቀደመ ነው። ስለዚህ ተጫዋቾቹ አጋርም ተፎካካሪም ሆነው ነው የሚዘልቁት፤ ሚትሱጂም ይህን እንዳያሻክር አድርጎ መጥኖታል። ልዩነቱን ለማየት የዘመኑን ሌሎች ጌሞች ማስታወስ ይበቃል። በ1983 የወጣው ማሪዮ ብራዘርስ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ያጫውታል፤ ነገር ግን አንዱ ሌላውን ገፍቶ ጠላት ላይ ሊጥለው ይችላል። በ1985 የመጣው ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ ደግሞ ሁለት ተጫዋች ቢኖረውም ተራ በተራ ነው፤ አንዱ እስኪሞት ሌላው እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል። ባብል ቦብል ውስጥ የባልንጀራ አረፋ አይገድልም። እንዲያውም መረማመጃ ነው። የመዝለያውን ቁልፍ ተጭኖ የያዘ ሰው ጓደኛው በነፋው አረፋ ላይ እየነጠረ፣ ብቻውን ዘልሎ ከማይደርስበት ይወጣል። ሳያስቡት አንዱ ለሌላው ደረጃ ይሠራል።

ስክሪኑ አለመንቀሳቀሱም ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ወደ ፊት በሚገሰግስ ጌም ፈጣኑ ይቀድማል፣ ቀርፋፋው ከስክሪኑ ጠርዝ ጋር ይታገላል። እዚህ ማንም ማንንም ጥሎ መሄድ አይችልም። ወለሉ ላይ ባለ ቀዳዳ የወደቀ እንኳ ከጣሪያው በኩል ተመልሶ ይመጣል። የመጨረሻው ጠላት ሲጠፋ ሁለቱም፣ ሲሠራ የቆየውም ሲደናበር የቆየውም፣ በየአረፋቸው ሆነው በአንድነት ወደሚቀጥለው ደረጃ ይወርዳሉ። ከእህቴ ትንሽ ልጅ ጋር ስጫወት የዚህ ነገር ዋጋ ይገባኛል። እሱ ገና ጠላቱንና ጓደኛውን በቅጡ አይለይም፤ የሚያውቀው ቁልፉን እየደበደበ አረፋ መንፋት ብቻ ነው። እኔ ደግሞ በዚያ ሁሉ አረፋ ላይ እየነጠርኩ እወጣለሁ። ረዳሁህ ሲለኝ እውነቱን ነው።

ሙዚቃውን ያቀናበረው ታዳሺ ኪሚጂማ ነው። አንዲት አጭር ዜማ ከደረጃ ደረጃ ሳትለወጥ ትደጋገማለች፤ ይህ የሚያሰለቻቸው ሰዎች አሉ። እኔ ልክ ነው እላለሁ። ዜማዋ ጆሮ ከለመዳት በኋላ ወደ ኋላ ሄዳ ለሰዎቹ ወሬ ቦታ ትለቅቃለች። የምትፈጥነው ተጫዋቾቹ ሲዘገዩ ነው፤ ቶሎ በሉ የሚል ማስጠንቀቂያ ይመጣል፤ አሁንም ከቆዩ አጽም የመሰለ፣ አረፋ የማይበግረው አሳዳጅ ይገባል። ያኔ ወሬው ቆሞ ሳቅና ጩኸት ይሆናል።

ማሽኑ በድብቅ የሚቆጥረው ነገርም ብዙ ነው። ስንት ጊዜ እንደዘለሉ፣ ስንት አረፋ እንደነፉ፣ ምን ያህል እንደሮጡ ይይዝና በዚያው መጠን ስጦታ ያወጣል፤ ብዙ ለሮጠ ጫማ ይመጣለታል። ሕይወት ሳይጠፋ 20ኛው፣ 30ኛውና 40ኛው ደረጃ ላይ ከተደረሰ ደግሞ የምስጢር ክፍል በር ብቅ ይላል። የድሮው የስፔስ ኢንቬደርስ ወራሪም ከጠላቶቹ መሐል አለ፤ የታይቶን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ሲያየው ደስ ይለዋል።

ባብል ቦብል የሚለውን ስም ሰምቶ የማያውቅ አንባቢ እንኳ የዘንዶዎቹን ቤተሰብ ሳያውቀው አግኝቶት ይሆናል። በ1994 ታይቶ ባብና ቦብን አዲስ ሥራ ሰጥቷቸው ፐዝል ቦብል የተባለውን አወጣ፤ ባለቀለም አረፋ ወደ ላይ እየወረወሩ ሦስት ተመሳሳይ ቀለም ማገናኘት። ዛሬ በየስልኩ ላይ ያሉት፣ ሰው ታክሲ ውስጥ ተቀምጦ የሚጫወታቸው አረፋ መወርወሪያ ጌሞች አብዛኞቹ የዚያ ልጆች ናቸው። ጥሩ ጌም ነው፤ ግን ሰውን ብቻውን ስልኩ ላይ አቀርቅሮ እንዲቀመጥ የሚፈቅድ ነው።

ሚትሱጂ በ2008 በ48 ዓመቱ አረፈ። በ2019 ታይቶ ባብል ቦብል ፎር ፍሬንድስ ብሎ አራት ሰው በአንድ ጊዜ የሚጫወተውን አዲስ ሥራ አወጣ። ያማረ ነው፤ ቤተሰብ ሲሰበሰብ ይመቻል። ነገር ግን አራት ሲሆኑ ማን ማንን እንደረዳ ይጠፋል። አረፋው የማን እንደሆነ አይታወቅም፤ “ቆይ” የሚባለውም ለማን እንደሆነ አይለይም። ሁለት ሲሆኑ ግን የተጠራው ሰው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው፤ መልስ የሚጠበቅበትም እሱ ብቻ ነው። ደግነቱ አሳታሚዎቹ የ1986ቱን ጌም እዚያው አዲሱ ውስጥ አብረው አስገብተውታል። እኔና የእህቴ ልጅ አዲሱን ትንሽ ከሞከርን በኋላ የምንከፍተው ያንኑ ነው፤ እሱ ሰማያዊውን ይይዛል፣ እኔ አረንጓዴውን።