መርዝን ከምግብ ዕቃ ስለ መለየት

የሰው ቤት የሚጠበቀው በአጥርና በበር ብቻ አይደለም። ከአጥሩ ውስጥ ያለው ነገር በየስፍራው ካልተቀመጠ፥ ጠላት ከውጭ ሳይመጣ ጥፋት ከጓዳ ሊወጣ ይችላል። ይህን ነገር ከሌላ ሰምተን ሳይሆን በገዛ ቤታችን ስላየነው፥ ለክቡራን አንባቢያን እንደሚከተለው ለመግለጽ ወደድን።

የምንኖረው በባሌ፥ በጊኒር ከተማ ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ጧሪ ያጡ አምስት ሽማግሌዎችንና ባልቴቶችን፥ ከጎረቤቶቻችን ጋራ ተባብረን፥ በግቢያችን ባለው አንድ ቤት ውስጥ እናኖራለን። ጎረቤት እህሉን ያዋጣል፤ አንዲት ወጣት ሠራተኛም ታበስላለች፥ ታጥባለች። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ግን በእኛ እጅ ነው፤ በቁልፉም እንመካ ነበር። በዕቃ ቤቱ ውስጥ በረኪና፥ ነጭ ጋዝ፥ የአይጥ መርዝ፥ የስንዴ አረም ማጥፊያና በእህል ላይ ነቀዝ የሚገድለው ኪኒን ነበረ። ከሮቤና ከጎባ ደጋ ጀምሮ ስንዴና ገብስ በሚዘራበት አገር፥ ይህን የመሰለ ነገር የማይገኝበት ቤት ጥቂት ነው።

አንድ ቅዳሜ ከገበያ በረኪና ገዛን። ሻጩ ከትልቅ ጀሪካን እየቀዳ የሚሸጥ ስለ ነበረ፥ ይዘን በሄድነው ባዶ የውሃ ጠርሙስ ሞላልን። አንሶላው ታጥቦ ሳያልቅ እንግዳ ስለ መጣብን፥ ጠርሙሱን በሽማግሌዎቹ ቤት በመስኮቱ ደፍ ላይ አስቀምጠን ወጣን፤ ከዚያም ረሳነው። በሌሊት ዓይናቸው የደከመ አንዲት ባልቴት ውሃ ጠማቸው። እጃቸውን ቢሰዱ ጠርሙሱን አገኙ፤ ክዳኑም፥ ቅርጹም፥ ክብደቱም የውሃ ነበረ። ጉንፋንም ይዟቸው ስለ ነበረ ሽታውን አልለዩትም። አንድ ጊዜ ተጎነጩ።

ጩኸት ሰምተን በደረስን ጊዜ፥ አስቀድሞ ከአፋችን የወጣው ቃል «ይህን ማን አስቀመጠው?» የሚል ሆነ፤ ዓይናችንም ወደ ሠራተኛዪቱ ሄደ። ልጅቱ አንገቷን ደፋች እንጂ አንዳች አልመለሰችም። ጠርሙሱን ያስቀመጥነው እኛ ራሳችን መሆናችን ትዝ ያለን፥ ባልቴቲቱን ወደ ሐኪም ቤት ስንወስድ በመንገድ ላይ ነው። ስንመለስ ልጅቱን ይቅርታ ለመንናት።

እግዚአብሔር ይመስገን፥ ባልቴቲቱ አብዛኛውን ተፍተውት ስለ ነበር በሕይወት ተረፉ። ነገር ግን ጉሮሯቸው ተቃጥሎ ለሦስት ሳምንት ያህል ከአጥሚትና ከወተት በቀር መዋጥ አልቻሉም። ከጎረቤት አንዱ «ጣት ከትታችሁ አስመልሷቸው» ብሎን ነበር፤ ሐኪሙ ግን ይህን ባለማድረጋችን አመሰገነን። በረኪና ሲወርድ ያቃጠለውን ሲመለስ ዳግመኛ ያቃጥለዋልና፤ ነጭ ጋዝም የጠጣ ሰው ቢያስመልስ ወደ ሳንባው ሊገባበት ይችላልና። የሚገባው አፍን በውሃ ማጉመጥመጥና፥ የጠጡትን ነገር ከነዕቃው ይዞ ፈጥኖ ወደ ሐኪም መድረስ ነው።

ከዚህ በኋላ ቁልፋችንን እያየን ብዙ አሰብን። ዕቃ ቤቱ ተቆልፎ ነበር፤ ቁልፉ ግን አልረዳንም። ሽማግሌን እንደ እስረኛ በቁልፍ ብዛት መጠበቅ አይቻልም፤ ክብሩንም መንካት ነው። ዓይኑ የደከመ ሰው በእጁ ያነባል፤ ያን ሌሊት በእጃቸው ያነበቡት ጠርሙስ ዋሻቸው። ውሸቱንም የጻፍንበት እኛ ነን።

እንዲህ ያለው ስሕተት በትልልቅ ቤቶችም ደርሷል። በአሜሪካ በኦሪገን ግዛት፥ በሳሌም ከተማ በሚገኘው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል፥ ኅዳር 9 ቀን 1935 ዓ.ም. ለእራት በተሠራው እንቁላል ውስጥ የወተት ዱቄት መስሎ የበረሮ መርዝ ተጨመረበት። መርዙ ሶዲየም ፍሎራይድ የሚባል ነጭ ዱቄት ነበረ። አርባ ሰባት ሕሙማን ሞቱ፤ በመቶ የሚቆጠሩም ታመሙ። ዱቄቱን ከምድር ቤት እንዲያመጣ የተላከው ሰው ቁልፍ ተሰጥቶት ነበር፤ ቁልፍ ግን በር ይከፍታል እንጂ ነጭ ዱቄትን ከነጭ ዱቄት አይለይም።

በሀገራችንም በየመጋዘኑ ለብዙ ዘመን ተከማችቶ የከረመው ያረጀ ፀረ ተባይ በርሜሉ እየዛገና እየፈሰሰ እጅግ አስግቶ ነበር። በ1990ዎቹ ዓመታት ከአንድ ሺህ ቶን የሚበልጠው ተሰብስቦ ፊንላንድ ድረስ ተጭኖ በዚያ ተቃጠለ። ስለ ፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥርም አዋጅ ቁጥር 674/2002 ወጥቷል። ይሁን እንጂ አዋጅ እስከ እያንዳንዱ ጓዳ ሊገባ አይችልም፤ ለጓዳው ሹሙ ባለቤቱ ነው።

ስለዚህ በቤታችን የሚከተለውን ሥርዐት አቆምን። መርዝ ሁሉ በመጣበት ዕቃ፥ ከነጽሑፉ ይቀመጣል፤ በውሃ፥ በዘይት ወይም በወተት ዕቃ ከቶ አይገለበጥም። በረኪና የሚገዛው በራሱ ዕቃ ታሽጎ ሲገኝ ብቻ ነው። የአረምና የተባይ መርዝ ሰው ከሚተኛበትና ምግብ ከሚሠራበት ቤት ውጭ በተለየ ሣጥን ይቆለፋል፤ ዱቄቱ ከላይ፥ ፈሳሹ ከታች ይደረጋል፤ ቢፈስ በሌላው ላይ እንዳይወርድ። ነጭ ጋዝ ከምድጃ ይርቃል። የመርዝ ዕቃ ባዶ በሆነ ጊዜ ታጥቦ ይበሳል እንጂ ለማንም ውሃ መቅጃ አይሰጥም።

የነቀዝ ኪኒን ደግሞ እርጥበት ሲያገኝ ሽታው ብዙ ጊዜ የማይታወቅ ገዳይ ጋዝ ያወጣል፤ ማርከሻም የለውም። ስለዚህ ኪኒን የተደረገበትን እህል ሰው በሚያድርበት ክፍል ማኖር ፈጽሞ አይገባም። በረኪናም ከአሲድ ወይም ከሽንት ጋራ ሲገናኝ ሳንባን የሚጎዳ ጋዝ ያወጣል። ሕመምተኛ የሚያስታምም ሰው የሽንት ዕቃውን አስቀድሞ በንጹሕ ውሃ አጥቦ፥ መስኮት ከፍቶ፥ ከዚያ በኋላ በረኪና ያድርግበት።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። እኛ ከተቃጠለ በኋላ ተማርን፤ አንባቢያን ግን ሳይቃጠል እንዲማሩበት ብለን ጥፋታችንን ሳንሸሽግ ጻፍን።

ባልቴቲቱ ዛሬ ደኅና ናቸው። ነገር ግን ውሃ ባቀረብንላቸው ቁጥር ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ይዘው «ልጆቼ፥ ይህ ውሃ ነውን?» ይላሉ። በቀድሞ ዘመን በመኳንንት ግብር ላይ ጠጅ አሳላፊ ከሚያቀርበው መጠጥ በመዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ አስቀድሞ ይቀምስ እንደ ነበር የታወቀ ነው። እኛም አሁን ከብርጭቆው በመዳፋችን ተቀብለን እንቀምስና፥ «አዎን እማማ፥ ውሃ ነው፤ ይጠጡ» እንላቸዋለን። እርሳቸውም ይጠጣሉ።