በሞቃት አገር የሱጎ አያያዝ

በድሬዳዋ ከተማ በደቻቱ አጠገብ የምንኖር ቤተ ሰቦች በዓመት ሁለት ጊዜ፥ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀን፥ ወደ ቁልቢ ቅዱስ ገብርኤል የሚሄዱ ዘመዶቻችንን እንቀበላለን። እንግዳው የሚደርስበት ሰዓት አይታወቅም፤ አንዱ በእኩለ ሌሊት ደጅ ይመታል፥ ሌላው ከክብረ በዓሉ መልስ ሊያድር ይመጣል። ስለዚህ ሱጎውን አስቀድሞ ሠርቶ በበረዶ ማኖር ለቤት እመቤት ታላቅ ዕረፍት ነው፤ ፓስታውን መቀቀል ሩብ ሰዓት እንኳ አይፈጅምና።

ነገር ግን ሁለቱ በዓላት አንድ ዓይነት ሱጎ አይቀበሉም። የታኅሣሡ በጾመ ነቢያት ውስጥ ስለሚውል በዘይት፥ በሽንኩርት፥ በቲማቲምና በቲማቲም ድልህ ብቻ ይሠራል። የሐምሌው የሐዋርያት ጾም ከተፈታ በኋላ ፍልሰታም ሳይገባ ስለሚውል፥ ረቡዕ ወይም ዓርብ ካልሆነ በቀር፥ የተፈጨ ሥጋ ይገባበታል። በበረዶ ከደነደኑ በኋላ ግን ሁለቱም አንድ ዓይነት ቀይ ድንጋይ ይመስላሉ። ጾመኛ ተሳላሚን በስሕተት ሥጋ ከማብላት የሚያድነን አንዲት ቁራጭ ወረቀት ናት፤ «ጾም» ወይም «ፍስክ» ብሎ ከነቀኑ ጽፎ፥ ዕቃው ገና ደረቅ ሳለ መለጠፍ ይገባል። የፍስኩም ከጾሙ በታች ይቀመጥ፤ ቢቀልጥ እንዳያንጠባጥብበት።

ዋናው ጠላታችን ግን ሙቀቱ ነው። በደጋ አገር ያደጉ እናቶቻችን ድስቱን ከድነው «እስኪበርድ» ያሳድሩት ነበር። ድሬዳዋ ላይ ያ ድስት ሌሊቱን በሙሉ አይበርድም፤ ለብ ብሎ ያድራል፥ ለብ ያለ ምግብም ለተሐዋስያን መራቢያ ነው። የበሰለ ምግብ ከእሳት ከወረደ በሁለት ሰዓት ውስጥ፥ የቤቱ ሙቀት ከ32 ዲግሪ በላይ ከሆነም በአንድ ሰዓት ውስጥ፥ ማቀዝቀዣ መግባት አለበት። ትልቁን ድስት እንዳለ ማስገባት አይጠቅምም፥ መካከሉ ለብዙ ሰዓት ይሞቃልና። በሰፊ ትሪ ላይ በስሱ አፍስሶ፥ ትሪውን በረዶ በተጨመረበት ውኃ ላይ አስቀምጦ ማብረድ፤ ከዚያም ለአንድ ማዕድ በሚበቃ መጠን ክዳን ባለው ዕቃ ማከፋፈል ነው። ውኃ ወደ በረዶ ሲለወጥ ስለሚሰፋ ዕቃው እስከ አፉ አይሞላ። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚደርስ ቅዝቃዜ የሥጋው ሱጎ እስከ ሦስት ወር ጣዕሙን ይዞ ይቆያል። ለመብላት ሲፈለግ ከዋዜማው ወደ ታችኛው የማቀዝቀዣ ክፍል ይውረድ እንጂ ጠረጴዛ ላይ አይደር።

«ቢበላሽስ መልሰን እናፈላዋለን» የሚሉ አሉ። ይህ አሳሳች ነገር ነው። ማፍላት ተሐዋስያንን ይገድላል፤ አንዳንዶቹ ቀድመው የተዉትን መርዝ ግን እሳት አያጠፋውም፤ ሽታውም ጣዕሙም ላይለወጥ ይችላል። በረዶም ቢሆን ያደነዝዛቸዋል እንጂ አይፈጃቸውም።

መብራት ሲጠፋስ? በሩ ካልተከፈተ ሙሉ የሆነ የበረዶ ሣጥን ሁለት ቀን፥ ግማሽ የሆነው አንድ ቀን ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። እኛ ወገን ግን እየከፈትን እንዳስሰዋለን! ሱጎው ውስጡ ገና የበረዶ ፍንካች ካለው፥ መብራቱ ሲመለስ እንደገና ማደንደን ይቻላል፤ መብራቱ የሚዘገይ ከመሰለ ደግሞ በዚያው ሰዓት አሙቆ ጎረቤት ጠርቶ መብላት ይሻላል። ፈጽሞ ቀልጦ ለብ ካለ በኋላ ግን፥ የሥጋው ዋጋ ምንም ቢያንገበግበን፥ ለሕፃንም ለእንግዳም አይቀርብም፤ ይደፋል።

ቤታችንን ዘግተን ወደ ቁልቢ ስንሄድ መብራት ጠፍቶ እንደ ነበር የምናውቅበት ቀላል ዘዴ አለ። በአንድ ኩባያ ውኃ አደንድነን በላዩ አንድ ሳንቲም እናኖራለን። ስንመለስ ሳንቲሙ ከላይ እንዳለ ካገኘነው ሱጎው ደኅና ነው፤ ከኩባያው ሥር ወርዶ እንደገና በረዶ ከለበሰው ግን፥ ሱጎው እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ቢታይም እንኳ፥ ቀልጦ የነበረ ነው።