ቤት ሳይሠሩ በከዚራ በኩል ይለፉ

አንባቢ ሆይ፤ ከደመወዝዎ ቆጥበው ወይም ተበድረው ቤት ለማሠራት አስበው እንደ ሆነ፥ መሠረቱ ሳይቆፈር ወደ ድሬዳዋ ወርደው ከዚራ በሚባለው ሰፈር ይዘዋወሩ። ጊዜውም ከቀትር በኋላ ይሁን፤ ሐሩሩ ሳይበርድ።

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ መሆኗ የታወቀ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ሐረር ሊገባ ታስቦ ሳለ ተራራው ስላስቸገረ፥ በ1895 ዓ.ም. ከዚህ ሜዳ ደረሰ፤ ከተማዪቱም በዙሪያው ተቆረቆረች። ከደቻቱ ወንዝ ባሻገር መጋላ፥ በወዲህ ከዚራ፤ ቀጥ ያለ መንገድ፥ የዛፍ ጥላ፥ ሰፋፊ በረንዳ።

ከአንድ አሮጌ ቤት ገብቼ ቀና ብል ኮርኒሱ ሩቅ ነው። ሞቃት አየር ቀላል ነውና ወደ ላይ ወጥቶ ከግድግዳው ጫፍ በተተወለት ቀዳዳ ይሸሻል፤ በእርሱም ፈንታ ቀዝቀዝ ያለው በታች ይገባል። መስኮቶቹ ፊት ለፊት ይተያያሉ። ነፋስ መውጫ ካላገኘ መግቢያው ብቻ ምን ይረባዋል? በረንዳውም ፀሐይ ግድግዳውን እንዳትመታው ይከልላል። የቤቱ ባለቤት አሮጊት፥ «ልጄ፥ በቀን እንዘጋለን፤ ሌሊት ሲበርድ እንከፍታለን» አሉኝ። ምስጢሩ ይኸው ነው።

ያደርኩት ግን ከወዳጄ አዲስ ቤት ነበር። ቤቱ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ኮርኒሱ ዝቅ ያለ፥ መስኮቱም በአንድ ወገን ብቻ። «ኤሲ ይገባለታል» ተብሎ ነው። ኤሲው ሲሠራ ብርድ ልብስ አሰኘኝ፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ፍራሻችንን ይዘን ግቢ ወጣን።

በማግስቱ ቡና ሊፈላ ከሰሉ ወደ ውስጥ ገባ፤ በሩም ቅዝቃዜው እንዳይወጣ ተዘጋ። «ኧረ ይከፈት!» ብል ባለቤቱ ሣቀችና፥ «ኤሲው አየር ያስገባ የለም እንዴ?» አለች። አያስገባም! በየቤቱ የሚሰቀለው ኤሲ ያንኑ የክፍሉን አየር እያዞረ ያቀዘቅዛል እንጂ ንጹሕ አየር ከውጭ አያመጣም። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ሽታም መልክም የለውም፤ ሰውን በተኛበት ይገድላል። ሕፃኗ ምንጣፉ ላይ ትጫወት ነበር። ከሰሉን አውጥተን ቡናውን በበረንዳ ጠጣን።

እኔ መሣሪያውን አልንቅም፤ ለወጥ ቤትና ለመታጠቢያ ቤት አየር ወደ ውጭ የሚስብ ቬንቲሌተር ደግ ነው። ዳሩ ግን መሣሪያ ነገም ይገዛል፤ መስኮት ግን በፕላኑ ላይ ካልተሣለ በኋላ ዋጋው ሌላ ነው። ወንፊቱንም አይርሱ። በ2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ ለተነሣው የወባ ወረርሽኝ ምክንያት የሆነችው ከተማ የለመደችና በውሃ ማጠራቀሚያ የምትራባ ትንኝ ናት። ወንፊት ነፋሱን ስለሚቀንስም መስኮቱን ሰፋ ያድርጉት።

ወዳጄን ስሰናበተው ግንበኛው መጥቶ፥ ከመስኮቱ ትይዩ ባለው ግድግዳ ላይ የሚፈርሰውን ቦታ በከሰል ያሰምር ነበር።